በስሜ የሚያርሱ ሁለት በሬዎች

የሁለት በሬ ባለቤት መሆኔን የነገረችኝ የባንክ ሠራተኛ ናት። ያውም ዕዳቸው ያልተከፈለ በሬዎች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ግን «እሺ» ነው ያልኳት። ጠባዬ ነው። ሰው ወረቀት ይዞ ካናገረኝ አፌ ጭንቅላቴን ሳይጠብቅ እሺ ይላል። ይኸው ጠባዬ ለስንት ነገር እንዳበቃኝ ትሰማላችሁ።

በሬን ከሩቁ የማከብር ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ከተማ ውስጥ ነው፤ የምተዳደረውም ዳቦ ጋግሬ ነው። መንገድ ላይ በሬ ከመጣ መንገዱን ለቅቄለት ግድግዳ ላይ እለጠፋለሁ። እሱም ነገሩ የገባው ይመስለኛል፤ ከስንቱ ሰው መካከል መርጦ እኔን ነው ትክ ብሎ የሚያየው።

ባንክ ያስኬደኝ የከድጃ ትከሻ ነው። ከድጃ ባለቤቴ ናት። ዳቦ ቤታችን ከተከፈተ ጀምሮ ሊጡን የምታቦካው እሷ ነበረች፤ ዘንድሮ ግን ቀኝ ትከሻዋ በቃኝ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሊጥ የሚባል ነገር እንዳትነኪ» አላት። «ታዲያ ማን ያቡካው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሐኪሙም ዞሮ ክንዶቼን አየና መድኃኒት መጻፉን ቀጠለ። ለሁለት ሳምንት እኔ አቦካሁ። ደንበኞቻችን ጨዋ ስለሆኑ አፍ አውጥቶ የተናገረኝ የለም፤ አንዲት እናት ብቻ ዳቦውን በጣታቸው እንደ በር አንኳኩተው «ቤቶች!» አሉ።

ከድጃም አላስቻላትም። ዞር ማለቴን ጠብቃ በግራ እጇ ታቦካለች፤ ስመለስ ትከሻዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ አገኛታለሁ። ይህን ማየት አቃተኝ። ደግነቱ አንድ የከተማችን ዳቦ ጋጋሪ ሥራውን ሊተው ስለነበር ያገለገለ የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑን ሊሸጥልኝ ተስማማ። «እስከ ሰኔ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ገዢ አለኝ» አለ። በእጄ ያለው ገንዘብ ግማሹን እንኳ ስለማይሸፍን ብድር ልጠይቅ ባንክ ሄድኩ።

የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ሄለን ትባላለች፤ ትሑት ልጅ ናት። «መጀመሪያ የብድር መረጃዎን ላውጣው» ብላ አንድ ወረቀት አተመችና ታስረዳኝ ጀመር።

«ይህ ወረቀት እስካሁን ከማን ምን እንደተበደሩ፣ በጊዜው ከፍለው እንደሆነ፣ ለማን ዋስ እንደሆኑ ይናገራል። የትም ሄደው ብድር ቢጠይቁ አበዳሪው አስቀድሞ የሚያየው ይህን ነው።»

«እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ የሚያወራ ወረቀት ነዋ!»

«እንደዚያ ሊሉት ይችላሉ።»

በሬዎቹ ብቅ ያሉት እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ እንደሚለው ከአራት ዓመት በፊት ሳጉሬ ካለ አንድ አበዳሪ ተቋም ለሁለት የእርሻ በሬ መግዣ ተበድሬአለሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ሳንቲም አልከፈልኩም። ከጎኑ ደግሞ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «አጠራጣሪ»።

«ማነው አጠራጣሪ? እኔ ነኝ?»

«ብድሩ ነው» አለች ሄለን ቀስ ብላ።

«ከላይ የተጻፈው ስም ግን የማነው?»

«የእርስዎ።»

«እሺ» አልኩ።

ይህ ነገር እስካልጠራ ድረስ ብድር እንደማይፈቀድልኝ ነገረችኝ። «ስህተት ከሆነ ግን ይታረማል» አለች። «መረጃውን የላከው ያበደረው ተቋም ነው፤ የሚያርመውም እሱ ነው። ሳጉሬ ይሂዱ፣ ማመልከቻ ያስገቡ፣ ማስረጃዎን ያሳዩ። እነሱ አጣርተው ሲያስተካክሉት እኛ ጋ ይደርሳል።» ይህችን ምክር ሰምቼ ብሆን ኖሮ ወጌ እዚህ ጋ ባለቀ፣ እናንተም ወደ ሥራችሁ በተመለሳችሁ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ቤት ሄድኩ።

ከድጃ አነበበችው። «አጠራጣሪ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ይኼን ለማወቅ ኮምፒውተር አስፈለጋቸው?» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እውነቱን ንገረኝ። በሬዎቹ የት ናቸው?»

ወላሂ እያልኩ ስምል ነው ትዝ ያለኝ። ኦቦ ቱፋ!

ኦቦ ቱፋ የሳጉሬ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ለአባቴ ይቀርባል። ለዓመታት ስንዴ የገዛሁት ከእሳቸው ነው። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ የገበያ ቀን እጄን ይዘው አንድ ቢሮ አስገቡኝና «ልጄ፣ በሬ ልገዛ ነው፤ ዋስ ሁነኝ» አሉኝ። በእኛ አገር ሰው ዋስ ሁነኝ ካለህ አይታሰብበትም። ወረቀቱን ማንበብማ ጭራሽ ነውር ነው፤ ሰውየውን ፊት ለፊት «አላምንህም» እንደ ማለት ይቆጠራል። ጨዋ ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ፣ ስለ ዝናቡ እያወራ ነው የሚፈርመው። እኔ ደግሞ ከጨዋም ጨዋ ልባል ብዬ ወረቀቱን አንዴም ሳላየው ፈረምኩ። የጸሐፊው ጣት «እዚህ ጋ» አለች፣ እዚያ ጋ ፈረምኩ። ኦቦ ቱፋም ሌላ ቦታ ላይ በአውራ ጣታቸው አተሙ። ወጥተን ሻይ ጠጣን፤ የከፈሉትም እሳቸው ናቸው።

«በስምህ ተበድሮ፣ በሬ ገዝቶ፣ ሻይ አጠጥቶ ሸኘህ በለኛ!» አለች ከድጃ።

«ጉድ ሠራኝ!» አልኩ።

ልብ በሉ፤ ለዓመታት «እሳቸው» እያልኩ የኖርኩት ሰው በአንድ አፍታ «እሱ» ሆኑ።

በማግስቱ ጸጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ጸጉሬ በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ ወሬዬ ግን አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነገርኩ፤ ከዚያ ለባጃጅ ሹፌሩ፤ ከዚያ ዳቦ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ። ዳቦ ገዢ መልሱን እስኪቀበል ድረስ የትም ስለማይሄድ ለወሬ የሚመች ሰው ነው። ወሬ ደግሞ እርሾ ካልገባበት አይነሳም፤ እኔም በእርሾ አልሰሰትኩም። ሰኞ «አንድ የሳጉሬ ገበሬ» የነበረው ማክሰኞ «ያ ቱፋ የሚባለው» ሆነ። ሐሙስ ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው «ቱፋ የሚባል የሳጉሬ ሰው አራት በሬ ይዞ ባሌ ገባ አሉ» ብሎ ለእኔው መልሶ ነገረኝ። «ውይ!» ብዬ ደነገጥኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ አራት መሆናቸውን አልሰማሁም ነበር።

ወሬው አጎቴ ሐጂ አማን ጋ ሲደርስ እሳቸው ወደ እኔ መጡ። አጎቴ በአሰላና በዙሪያዋ ያላስታረቁት የለም፤ ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ አንድ ጊዜም ሁለት የሚኒባስ ተራ አስከባሪዎች አስታርቀዋል።

«ተጣልተሃል አሉ» አሉኝ።

«ኧረ አልተጣላሁም አጎቴ። ባንክ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው ዕዳ አለብህ ያለኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«የለብኝም አልኩ።»

«ይኸው! አንዱ አለ፣ አንዱ የለም ካለ ጠብ ማለት ይኼ ነው። ጠብ ደግሞ ሽማግሌ አለው። ኦቦ ቱፋን ቀጥለን እናያለን፤ መጀመሪያ ዕዳ አለብህ ካለህ ጋር ነው መታረቅ።»

እሺ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ አማን ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ባንኩ በር ላይ ተገኙ። አንዱ ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ገመቹ ናቸው። የሌላኛው ሽማግሌ ጆሮ እምብዛም አይሰማም፤ ሽማግሌ ሁለት ስለማያምር ነው የመጡት። ጃንጥላቸውን ለጥበቃው ሰጥተው ገቡና የሄለንን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ሐጂ አማን እጃቸውን ዘረጉ።

«ይህን ቤት ከጠብ ይጠብቀው!»

«አሚን!» አለ ወረፋ ላይ የቆመው ሁሉ።

«ገንዘቡን በረካ ያድርገው!»

«አሚን!» ይህኛው ከገንዘብ ያዦቹ ዘንድ ጎላ ብሎ ተሰማ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ሐጂ አማን ወደ ሄለን ዞረው፣ «የመጣነው ልናስታርቅ ነው። ከሳሽ ይናገር።»

«ከሳሽ ማነው?» አለች ሄለን።

ሐጂ አማን በከዘራቸው ኮምፒውተሩን አመለከቱ።

ሄለን ምን ታድርግ፤ አባቶቿ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። አነበበችላቸው። ሁለት በሬ፣ አራት ዓመት፣ ምንም ያልተከፈለ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰና እኔም ተናገርኩ። ቀጥሎ በደንቡ መሠረት ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሊመክሩ ስለሆነ ባለጉዳዮቹ ገለል ማለት አለብን። እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። «እሱም ገለል ይበል እንጂ» አሉ አቶ ገመቹ፤ ሄለን የኮምፒውተሩን ፊት ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ስመለስ ሐጂ አማን ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ግራ ቀኙን አየን። እሱ ሁለት በሬ ይላል፤ አንተ ምንም አልወሰድኩም ትላለህ። እንግዲህ እሱም አንዱን ይተው፣ አንተም አንዱን ተቀበል። በአንድ በሬ ታረቁ።»

«ልጅቷስ ተስማማች?» አሉ የማይሰሙት ሽማግሌ።

እዚህ ላይ አትፍረዱብኝ። ሽማግሌ እግሩን አንሥቶ መጥቶ፣ መርቆ፣ መክሮ የወሰነውን እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ከሁለት ወደ አንድ መውረዱ ትርፍ መሰለኝ። በሕይወቴ ያልያዝኩትን አንድ በሬ ልቀበል «እሺ» ብዬ፣ አቶ ገመቹ ውሳኔውን የጻፉበት ወረቀት ላይ ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሳ ሄለን እጄን ያዘችው።

«እንዴ! እንዲህ ብለው ከፈረሙ እኮ ዕዳውን አመኑ ማለት ነው! አባቶቼ፣ ማሽኑ አይታረቅም። አይለመንም፣ አያፍርም። ከሳጉሬ የተላከለትን ብቻ ነው የሚያነበው። ነግሬአቸው ነበር እኮ፤ ሳጉሬ ሄደው ያሳርሙት!»

ሐጂ አማን ኮምፒውተሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። በሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ ያለ ግትር ገጥሟቸው አያውቅም። «በቃ፣ ሳጉሬ ነው» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ከድጃና እኔ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ለቱፋ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። «ሰው አያፍርም?» ብሎ የሚጀምር ጥሩ ንግግር አዘጋጅቻለሁ። ከድጃም የራሷን አዘጋጅታለች፤ የእሷን እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብንም። ሦስት ሽማግሌ ነጭ ለብሰው፣ አንዲት እመቤት አስከትለው፣ ሳይጠሩ በማለዳ የሰው ደጅ ሲቆሙ በዚህ አገር ትርጉሙ አንድ ነው። ኦቦ ቱፋ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው።

ገና ከአጥሩ ሳንገባ የቤቱ ሰው ተሯሯጠ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ አንድ በግ ከታሰረበት ሲፈታ አየሁ። ኦቦ ቱፋ «ኤዬ፣ ኤዬ! ግቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!» እያሉ በሁለት እጃቸው ጨበጡን። ሚስታቸው ከድጃን አቅፈው ሳሟትና «የልጁ እናት አንቺ ነሽ?» አሏት። ከድጃ ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ ሻሿን አስተካከለች።

ወዲያው የገብስ ጭኮ በቅቤ ርሶ ቀረበ። የአርሲ ሰው ጭኮ ካቀረበልህ በኋላ «ሰው አያፍርም?» ብለህ ንግግር አትጀምርም። በላን። ኦቦ ቱፋ ጎንበስ ብለው «ግብዣው ካነሰ ይቅር በሉኝ» አሉ። «ዘንድሮ ትንሽ ተቸግሬአለሁ። አሰላ ያለው የዘር ነጋዴ ሁልጊዜ የስንዴ ዘር በዱቤ ይሰጠኝ ነበር፤ ምርት ሲገባ እከፍለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ብሄድ ‹ለእርስዎ የለኝም› አለኝ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ዝናቡ ገብቷል፣ መሬቱ ታርሷል፣ ዘር ግን የለኝም።»

ከድጃ በክርኗ ጎሸመችኝ። እኔ በልቤ «ታዲያ ሌባ አይደል!» እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ።

ሐጂ አማን ነገሩን መጀመር ነበረባቸው። «ኦቦ ቱፋ፣ አዝናለሁ፤ የመጣነው ለልጅዎ አይደለም። ለበሬ ነው።»

ሐጂ አማን ወረቀቱ የሚለውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወሩ። በጉ ተመልሶ ሲታሰር ሰማሁ።

ኦቦ ቱፋ አልተቆጡም። ወደ ጓዳ ገብተው ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ቦርሳ ይዘው ወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ከፈትኩት። የክፍያ ደረሰኝ ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍያ እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይጎድል፣ በዓመት በዓመት በክር የታሰረ።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «ግን አንድ ወረቀት አልጣልኩም። አንዱ በሬ የሞተብኝ ዓመት ላሜን ሸጬ ነው የከፈልኩት። ዋሴ አንተ ነህ፤ በእኔ ምክንያት ስምህ እንዳይነሳ ብዬ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እሳቸው ለስሜ ሲሉ ላም ሸጠዋል፤ እኔ ደግሞ ባሌ አስገብቻቸዋለሁ።

ደረሰኙን ይዘን ከኦቦ ቱፋ ጋር ወደ አበዳሪው ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው የድሮውን ውል ፈልጎ ሲያወጣው ነገሩ ተገለጠ። እኔ የፈረምኩት በተበዳሪው ቦታ ነው፤ ኦቦ ቱፋ ያተሙት በዋሱ ቦታ። ብድሩ በዚያው መሠረት በእኔ ስም ገባ። ክፍያው ግን በየጊዜው ብሩን ይዞ በመጣው ሰው ስም፣ ማለትም በኦቦ ቱፋ ስም ተመዘገበ። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት ሙሉ እኔ ወስዶ የማይከፍል፣ እሳቸው ደግሞ ሳይወስዱ የሚከፍሉ ሰው ሆነን ኖረናል።

«ሳይበደር የሚከፍል ሰው ሲመጣ ምንም አልገረማችሁም?» አሉ አቶ ገመቹ።

«ጥሩ ደንበኛ ናቸው ብለን ነበር» አለ ሠራተኛው።

ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ይህን ጊዜ የጻፍኩትን አነበብኩት። ደረሰኞቹ ተመሳከሩ፤ ኦቦ ቱፋም ለሁለተኛ ጊዜ በአውራ ጣታቸው አተሙ። «ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይስተካከላል» ተባልን። ሌላ ነገር አላስፈለገም፤ ሁሉም ነገር ከሻይ መጠጫ ጊዜ ብዙም አልበለጠም።

ከቢሮው ስንወጣ ደስ ብሎኝ ሐጂ አማንን ላመሰግን እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን እጄን ለቀቁት። «የአንተ ስም ተስተካከለ» አሉ። «የእሳቸው ስም የትኛው ቢሮ ነው የሚታረመው?» ሦስቱም ሽማግሌዎች ትክ ብለው አዩኝ፤ የማይሰሙትም ጭምር። «ያበላሸህበት ቦታ ሁሉ ሄደህ፣ በዚያው አፍህ መልሰው። ዝናብ አይጠብቅም፤ ነገውኑ።»

ጸጉሬ ገና ሳያድግ ጸጉር ቤት ገባሁ። ኦቦ ቱፋ ሁሉንም ከፍለዋል፣ ስህተቱ የወረቀት ነው አልኩ። «ባሌ አልገቡም ማለት ነው?» አለ ጸጉር አስተካካዩ ቅር ብሎት። ባጃጅ ሹፌሩ ግማሹን ሳይሰማ ተሳፋሪ አገኘና ሄደ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «ታዲያ ማን ነው እንዲያ ያወራው?» ሲለኝ «አንድ ሰው ተሳስቶ ነው አሉ» አልኩና ቶሎ ወጣሁ። እውነት እንደ ሐሰት አይነሳም። ሰው ይሰማሃል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ለማንም ግን አያወራውም።

በመጨረሻ የዘር ነጋዴው ሱቅ ደረስኩ። ጊዜው የዘር ወቅት ስለሆነ ሱቁ በገበሬ ጢም ብሏል፤ ከሳጉሬም፣ ከሮቤም፣ ከአርቦዬም የመጡ ነበሩ። ከመሃላቸው ሆኜ ስለ ኦቦ ቱፋ ተናገርኩ። ነጋዴው መነጽሩን አወለቀ።

«ከፍለው ከነበረ ለምን እንዲያ ተባለ?»

«አንድ ሰው ነው… በስህተት…»

«የማን ስህተት? ሃያ ዓመት የማውቃቸውን ሰው ባዶ እጃቸውን መልሻለሁ። ማን ነው ስማቸውን ያጠፋው?»

ገበሬዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። መንገድ ላይ ቢሆን ግድግዳ ላይ እለጠፍ ነበር። እዚህ ግን ከኋላዬ ያለው ሰው ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ነጋዴው ስልኩን አነሳ። «ኦቦ ቱፋ፣ ዘሩን ነገ መጥተው ይውሰዱ» አለ። «አይ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለ። እኔን ዳግመኛ አላየኝም።

ከአሥር ቀን በኋላ ሄለን አዲሱን ወረቀት አተመችልኝ፤ ምንም ዕዳ የለብኝም፣ በሬዎቹም በወረቀቱ ላይ ወደ ባለቤታቸው ተመልሰዋል። ብድሩ ተፈቀደ፤ ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ማሽኑ ዳቦ ቤታችን ገባ። ከድጃ ቁልፉን ተጭና ሊጡ በራሱ ሲዞር ስታይ ሳቀች፣ ትንሽም አለቀሰች፤ ከዚያ ሁለት እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ዳቦአችንን የሚያንኳኳ ሰው የለም።

በባንኩ ወረቀት ላይ ስሜ እንደ በረዶ ነጭ ነው። ወፍጮ ቤት ሄጄ ዱቄት በዱቤ ስጠይቅ ግን ባለቤቱ ጨዋ ስለሆነ አይቆጣኝም፤ ሚዛኑን እየጠራረገ «ከድጃን ላካት» ይለኛል።

እልካታለሁ።